መንገድ፣ ነጋዴ፣ እንግዳ፦ የቴሌቪዥን ጉዞ ቃላት በካፋ ምድር

«ውድ ተመልካቾቻችን፣ የዛሬው ጉዟችን ወደ ካፋ ይወስደናል።» ይህን የመሰለ መክፈቻ ሰምቶ የማያውቅ የቴሌቪዥን ተመልካች አይገኝም። ከዋሽንቱ ድምፅ ጋር ጉም የለበሰ ደን ይመጣል፤ ከደኑ ቀጥሎ ጀበና፣ ከጀበናው ቀጥሎ የዕጣን ጭስ። ምስሉን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ቃላቱን ግን እንደ ዋዛ እናልፋቸዋለን። ጉዞን፣ እንግድነትንና ማስታወሻን የምንጠራባቸው ቃላት ቴሌቪዥን ከመምጣቱ በፊት ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ካፋ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ያ የቀድሞ ኑሯቸው ከሌላው ቦታ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ከ«ጉዞ» እንነሣ። ትግርኛ «ጉዕዞ» ይላል፤ አማርኛ የጣላትን የጉሮሮ ድምፅ እሱ ጠብቋታል። ግዕዙ «ግዕዘ» ነው፤ ሰፈር ነቅሎ ሄደ፣ ከአገር ወደ አገር ተሻገረ ማለት ነው። የልሳኑ ስም «ግዕዝ» ከዚህ ይሁን ወይስ «ነጻ ወጣ» ከሚለው ትርጉም ሊቃውንቱን ሲያከራክር ኖሯል። «ጓዝ» የተባለው ግን የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ጓዝ ጉዝጓዝ የምንለው። በጥንቱ አነጋገር ጉዞ ያለ ጓዝ አልነበረም፤ የተጓዘ ሰው ድንኳኑን፣ ስንቁን፣ ከብቱንና ቤተሰቡን ይዞ ነው የተነሣው። ዛሬ ባትሪውን፣ የካሜራ ማቆሚያውንና ድሮኑን በመኪና ጭኖ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ቦንጋ የሚገባው የቀረጻ ቡድንም ከዚህ ትርጉም አልወጣም። የጋዜጠኛ ሄኖክ ስዩም «ተጓዡ ጋዜጠኛ» የሚለው መጠሪያ በሕዝብ አፍ የተወደደውም ቃሉ ይህን ሁሉ ድካም ስለሚሸከም ይመስለኛል። «ቱሪስት» ይህን ክብደት አይሸከምም። ሥሩ በግሪክና በላቲን የሚሽከረከር መሣሪያን፣ መዞርን የሚያመለክት ቃል ነው፤ ዞሮ ወደ ተነሣበት የሚመለስ ሰው ማለት ነው። አማርኛም ከመዞር «ዟሪ»ን አውጥቷል፤ ነገር ግን ዟሪ ማንም ሊባል የሚወደው ስም አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ያለው ግን «ነገደ» ውስጥ ነው። በግዕዝ ነገደ ማለት ተጓዘ፣ መንገድ ሄደ፣ ደግሞም ነገደ፣ ሸጠ ለወጠ ማለት ነው። «ነጋዲ» መንገደኛም፣ ተሳላሚም፣ ነጋዴም ነው። ከዚያው ሥር «መንገድ» ወጣ፤ ከዚያው «ንግድ»፤ ከዚያው «እንግዳ»። ሦስቱ ቃላት በአንድ ቤት ያደጉ እኅትማማቾች ስለሆኑ የጥንቱ ሰው መንገድን ያለ ነጋዴ፣ ነጋዴንም ያለ ተቀባይ ቤት አላሰበም። እንግዳ የሚባለው መንገድ ያመጣው ሰው ነው፤ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» የሚል፣ እግሩን የሚታጠብ፣ የአገሩን ወሬ የሚያወራ።

ቦንጋ ደግሞ ለዚህ ሥር ምስክር የሆነች ከተማ ናት። የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፎ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸረቾ እስኪማረክ ድረስ ከሰሜንና ከምሥራቅ የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ ቦንጋን ያውቃት ነበር። ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ኮረሪማ፣ ማርና ቡና በዚያ ይገበያዩ ነበር፤ ባሪያም ጭምር፤ ይህን ሳይጠቅስ የሚያልፍ የጉዞ ፕሮግራም ታሪኩን አጉድሏል። መንግሥቱ ድንበሩን በጥልቅ ጉድጓድና በሚጠበቁ በሮች አጥሮ ስለነበር መጤው እንደልቡ አይገባም። እዚህ ላይ ሌላ ቃል ብቅ ይላል፦ «ኬላ»። ዛሬ ለእኛ ኬላ ገመድ የተዘረጋበት፣ ሾፌር ወርዶ ወረቀት የሚያሳይበት ቦታ ነው። በኦሮምኛም ኬላ የድንበር በር ነው። ከካፋ ጎረቤት ከዳውሮ ደግሞ የሃላላ ኬላ አለ፤ ንጉሥ ሃላላ ያሠራው የድንጋይ ካብ። በ«ገበታ ለሀገር» የኮይሻ ፕሮጀክት ሥር የተሠራው ሪዞርት ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። እንግዳን ለማስቆም የተሠራ በር እንግዳ መቀበያ ቤትን ሰየመ፤ ቴሌቪዥንም ስሙን ወደ እያንዳንዱ ሳሎን አስገባው።

ስም ከስም ስለተመሳሰለ ብቻ ዝምድና መፍጠር ግን የዚህ ሥራ ትልቁ ፈተና ነው። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ የጨና ወረዳዋ ዋጫ አለች። መንገደኛ ስሟን ሲሰማ «ዋንጫ»ን ማስታወሱ አይቀርም። ዋንጫ በአማርኛ ከቀንድ የተሠራ መጠጫ ነበር፤ ጠጅ የሚጠጣበት፤ ኋላ የኳስ ሽልማት ሆነ። የዋጫ ስም ግን የካፋ አገር ስም ነው፤ መጠየቅ ያለበትም በዚያው አገር ቋንቋ፣ ለአገሩ ሽማግሌ ነው። የአማርኛ ጆሮ የሚያውቀውን ቃል እየፈለገ የሌላውን ሕዝብ ስም መተርጎም ሲጀምር ተረት ይወልዳል፤ ተረቱም አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን ከተነገረ ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

እንግዳ ካለ «ጎበኘ» አለ። ዛሬ «ጉብኝት» ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ፏፏቴ፣ ቤተ መንግሥትና ሙዚየም ነው። በአሮጌው አማርኛ ግን የሚጎበኘው በአብዛኛው ሰው ነው። የታመመ ይጎበኛል፣ የታሰረ ይጎበኛል፣ ሐዘንተኛ ይጎበኛል፤ በመጽሐፉ ቋንቋ እግዚአብሔር ራሱ ሕዝቡን ይጎበኛል። ከሰው ቀጥሎ የሚጎበኘው ጥበቃ የሚሻ ነገር ነው፤ ገበሬ ሰብሉን፣ እረኛ ከብቱን። ካፋ ውስጥ ይህን ትርጉም በዓይን ማየት ይቻላል። ቀፎ የሚሰቀለው በረጃጅም የደን ዛፎች ላይ ነው። ባለቤቱ ገመዱን በግንዱ ዙሪያ ጠምጥሞ፣ እግሩን እያደላደለ ይወጣል፤ ከላይ ደርሶ ጆሮውን ወደ ቀፎው ያስጠጋል፤ ንቡ ገብቶ እንደሆነ፣ ጉንዳን አግኝቶት እንደሆነ ያያል። ይህ ጉብኝት ነው። የጎበኘ ሰው ለጎበኘው ነገር ኃላፊ ነው፤ ተመልሶም ይመጣል። «አስጎብኚ» የሚለው ቃል ሙያ ሲሆን ይህ የኃላፊነት ስሜት ሳስቶበታል፤ ይሁን እንጂ ቃሉ አሁንም ይሸከመዋል፤ የሚሻው የሚጠቀምበትን ብቻ ነው።

በቦታው የገባው «መስሕብ» ነው። «የቱሪስት መስሕብ» የሚለው ሐረግ የጽሕፈት ቤት ልጅ ነው፤ ሥሩ ግን ጥንታዊ ነው፤ ግዕዝ «ሰሐበ»፣ ጎተተ። አማርኛ «ሐ»ን ጥሎ «ሳበ» አለው፤ የመሬት ስበትም ከዚያ ነው። ዐረብኛም ይህንኑ ሥር ይዞ ደመናን «ሰሓብ» ይለዋል፤ ነፋስ የሚጎትተው ማለት ነው። የካፋ ደን በማለዳ እንዴት እንደሚነጋበት ያየ ሰው ይህን የዐረቦች ስያሜ ይወደዋል፤ ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ በዛፎቹ መካከል ተጎትቶ ያልፋል። ሆኖም ቃሉ ለቦታ ሲሰጥ አንድ ነገር ይለወጣል። ጎበኘ ሲባል የሚንቀሳቀሰው ሰው ነው፤ መስሕብ ሲባል ቦታው ነው ሰውን የሚጎትተው፤ ሰውየውም ተጎትቶ ለመምጣቱ ምንም ዕዳ የለበትም። የፕሮግራም ጸሐፊዎች «በመስሕቦቿ የታደለችው» የሚለውን ሐረግ ጥቂት ቢያሳርፉት ደስ ይለኛል።

ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ቀን ነው። «ቴሌ» ከግሪክ፣ «ቪዥን» ከላቲን፤ ሩቅ ማየት። ስሙ ሳይተረጎም ቀረ፤ የሚታይበትን ሰሌዳ ግን አማርኛ ቶሎ የራሱ አደረገው፤ «የቴሌቪዥን መስኮት» አለው። መስኮት ኖኅ ከመርከቡ ቁራውንና ርግቧን የለቀቀበት ቃል ነው፤ ውኃው መጉደሉን፣ ምድር መኖሯን ለማወቅ። ሩቅ አገርን ለሚያሳይ ፕሮግራም ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም። ውድ «ተመልካች»ም ቢሆን ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አይደለም፤ ቃሉ ከ«ምልክት» ጋር አንድ ሥር ስለሆነ ምልክቱን የሚያስተውል ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ግን «ዘጋቢ ፊልም» ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ዘገበ በግዕዝ ሀብት አከማቸ፣ ደለበ ማለት ነው። «መዝገብ» ግምጃ ቤት ነው፤ ወርቅና ልብስ የሚቀመጥበት። ቃላት የተከማቹበት መጽሐፍ መዝገበ ቃላት የተባለው ለዚህ ነው። ኋላ መዝገብ የሚጻፍበት ደብተር ሆነ፤ ዘገባ የጋዜጠኛ ሥራ ሆነ፤ ዘጋቢ ፊልምም ተከተለ። እንግዲህ በቃሉ ሕግ ዘጋቢ ፊልም የሚሠራ ሰው ግምጃ ቤት እያስገባ ነው። የ1970ዎቹ ጥቁርና ነጭ ምስሎች፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ቀለም ሲገባ የተቀረጹት፣ የአገሩ ሰው ልብስና ንግግር፣ የገበያው ሁኔታ፣ ዛሬ የተመነጠረው የደን ጥግ፣ ሁሉም መዝገብ ነው። ካሴቱ ተጠብቆ፣ ቀኑና ቦታው፣ የተናገረውም ሰው ስም ተጽፎበት ካልተቀመጠ ዘገባ ተብሎ መጠራቱ ቃሉን መበደል ነው።

ቴሌቪዥን ብቻውን አልመጣም፤ የቱሪዝም ፖስተሩ ቀድሞት ነበር። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን ለውጭ ሰው ያስተዋወቁበት መሪ ቃል በእንግሊዝኛው የ13 ወር ፀሐይ ይላል። በአማርኛ ደግሞ «የ13 ወር ጸጋ» ተባለ። ይህን ልዩነት የወለደው ማንም ይሁን ማን፣ ለካፋ ሰው ውለታ ውሎለታል። ካፋ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ የማይለየው አገር ነው፤ ፀሐይን ብቻ ለፈለገ የተጋበዘ አይመስልም። ጸጋ ሲባል ግን ዝናቡም፣ ጉሙም፣ ደኑም ይገባሉ። በ2008 ዓ.ም. የመጣው «ምድረ ቀደምት» ደግሞ ሙሉ ለሙሉ የግዕዝ አሠራር ነው፤ ምድር በአናባቢዋ ወደ ቀጣዩ ስም ተያይዛ፣ ቀዳሚ በብዙ ቁጥር ቀደምት ሆኖ። የቀደሙት ምድር። ቡና የተገኘባት ምድር ከዚህ መሪ ቃል ውስጥ ያለ ጥርጥር ቦታ አላት፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል።

ቡና ላይ ሲደርሱ ፕሮግራሞቹ ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ፦ «ኮፊ» የሚለው የዓለም ቃል የመጣው ከካፋ ነው። ደስ የሚል አነጋገር ነው፤ ማስረጃው ግን የሚያስኬደው እስከ አንድ ቦታ ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች ቃሉን የወሰዱት ከቱርክኛው «ካህቬ» ነው፤ ቱርክኛው ከዐረብኛው «ቀህዋ»፤ ቀህዋ ደግሞ ከቡና በፊት የወይን ጠጅ ስም ነበር። ቀህዋ ራሱ ከካፋ ስም ጋር ይዛመድ አይዛመድ ክርክሩ አልተቋጨም። ካፋ ግን በዚህ ክርክር የሚጎድልባት የለም፤ ምክንያቱም ሌላኛው ቃል፣ የእኛው ቃል፣ እዚያው ደኑ ውስጥ ይነገራል። የካፋ ሰዎች፣ ካፌቾዎች፣ «ቡኖ» ይላሉ፤ አማርኛና ኦሮምኛ «ቡና»፤ ትግርኛ «ቡን»፤ ዐረቦችም ፍሬውን «ቡን» ይሉታል። ቀይ ባሕርን የተሻገረው ፍሬ ስሙን ይዞ ነው የተሻገረው። እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ የታተመው፣ ናይሮኒ የተባለ ጸሐፊ መጽሐፍ ቡናን አገኙ የሚባሉትን የፍየሎቹን ተረት ሲያወራ የእረኛው ስም ካልዲ መሆኑን አያውቅም፤ ስሙ ኋላ የተጨመረ ነው። የዕፅዋት ሊቁ ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሉን «ዓረቢካ» ብሎ መዘገበው፤ አገሩ ዐረብ መስሎት። ከጎኑ የበቀለው ኮረሪማ ግን ዕድለኛ ነበር፤ የሳይንስ ስሙ ውስጥ «ኮረሪማ» የሚለው የአገሩ ቃል እንዳለ ገብቷል። ኮረሪማ በቦንጋ ገበያ በክር ተሰክቶ እንደ መቁጠሪያ ተንጠልጥሎ ይሸጣል፤ ፍሬው ደርቆ ቡናማ ሆኖ፣ ሲነካ እየተንኳኳ። እንግዳ ሁለት ሦስት ክር ገዝቶ ወደ ቦርሳው ይከታል። «ካፌ» የሚለው ቃል ደግሞ አውሮፓን ዞሮ ተመልሶ ዛሬ በካፋ ከተሞች በር ላይ ተጽፏል።

ኮረሪማውን የገዛው እንግዳ ምን እንደገዛ ቢጠየቅ «ማስታወሻ» ይላል። ፈረንሳይኛው ሱቨኒርም ማስታወስ ነው፤ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ያሉት ሱቆች ቃሉን በፊደላችን ጽፈው ለጥፈውታል። አማርኛ ግን ለማስታወስ ብዙ ቃል አለው፤ እያንዳንዱም ወግ አለው። «መታሰቢያ» ከ«ሐሰበ» ነው፤ ቆጠረ፣ አሰበ፤ ሒሳብም የዚሁ ሥር የዐረብኛ ልጅ ነው። «ዘከረ» ግን ከሁሉም ይከብዳል። በወር በወሩ ለታቦት የሚደገሰው ዝክር፣ ለሞተ ሰው የሚወጣው ተዝካር፣ ቤተ መዘክር፣ አዲስ አበቤው «ወመዘክር» እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁሉም ከዚህ ናቸው። በእስልምናም ዝክር አለ፤ አምላክን በስሙ ደጋግሞ መጥራት። በ15ኛው መቶ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን ለዝክር ነቅተው ለማደር የጠጡት ቡናን ነበር። ቡናና ማስታወስ በአንድ ሌሊት የተገናኙት ያን ጊዜ ነው። በቦንጋ የተሠራው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ስሙን ከግሪክ ወስዷል፤ ቤተ መዘክር ቢባል ኖሮ የየመኑ ዝክርም፣ የእኛም ዝክር ከበሩ ላይ ተጽፎ ይገኝ ነበር።

ከፕሮግራሞች ጋር የሚመጡ ማስታወሻዎችም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። በዝግጅት ቀን የሚታደለው ጽሑፍ የታተመበት «ካናቴራ» ጣሊያንኛ ነው፤ የጀልባ ቀዛፊ ልብስ ማለት ነው። «ሲኒ» ዐረብኛ ነው፤ «የቻይና» ማለት ነው፤ ሸክላው ከቻይና በመርከብ ሲመጣ የተሰጠው ስም። ዛሬ ከረከቦቱ ላይ አንዱን አንሥታችሁ ከሥሩ ብታዩ ብዙ ጊዜ የቻይና ፊደል ታገኛላችሁ፤ ስሙ ከመቶ ዓመታት በኋላም አልዋሸም። ከባለ ሥልጣን ለተከበረ እንግዳ የሚሰጠው «ገጸ በረከት» ደግሞ የቤተ መንግሥት ቃል ነው፤ የበረከት ፊት። ከታች ወደ ላይ ሲሆን «እጅ መንሻ» ይባል ነበር። በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን አሠራሩ ሌላ ነው፤ ጣቢያው የሚኖረው በተመልካቹ መዋጮ ስለሆነ ገንዘብ የላከ ሰው የጣቢያው ስም የታተመበት የጨርቅ ቦርሳ ወይም ኩባያ ይላክለታል። ለብዙ ዓመታት ለዚሁ የሕዝብ ቴሌቪዥን የጉዞ ፕሮግራም የሠራው ሪክ ስቲቭስ እ.ኤ.አ. በ2020 ያቀረበው አንዱ ፊልም ስለ ኢትዮጵያና ስለ ጓቲማላ ነበር። ቦርሳውን የያዘው ሰው በፊልሙ ያየውን አገር አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው ፕሮግራሙን የደገፈበትን ቀን ነው። ኮረሪማውን የያዘው ግን ሽታው አገሩን ይመልስለታል፤ ስሙን ካወቀ ደግሞ አብልጦ።

ስም ነው ነገሩ። አማርኛ ለረጅም ጊዜ የዚህን አገር ስም «ከፋ» ብሎ ጽፏል፤ ጅማ ዋና ከተማዋ የነበረው የድሮው «ከፋ ክፍለ ሀገር» በዚሁ ፊደል ነበር የሚጻፈው። ከፋ በአማርኛ መጥፎ ሆነ፣ አዘነ ማለት ነው። አንድ ፊደል ከግዕዝ ወደ ራብዕ ስትሻገር ሕዝቡ ስሙን ያገኛል፤ ካፋ። አገሬው ቋንቋውን «ካፊ ኖኖ» ይለዋል፤ ኖኖ አፍ ማለት ነው፤ እኛም አፍ መፍቻ እንላለን። ካፊ ኖኖ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ረጅም አናባቢ በሁለት ፊደል ይታያል፤ የድምፅ ከፍታና ዝቅታም ትርጉም ይለያል። የእኛ ፊደል ይህን በተለመደው አጻጻፍ አያሳይም፤ የቦታ ስም አጻጻፉም ገና አንድ አልሆነም፤ በዴቻ ወረዳ ያለውን የቡና ደን አንዱ «ማንኪራ»፣ ሌላው «ማኪራ» ብሎ ይጽፈዋል። የቀረጻ ቡድን ቦታው ላይ ደርሶ ማይክሮፎኑን ሲያስጠጋ የደኑን፣ የወንዙንና የዛፉን ስም ከአገሬው አፍ ደጋግሞ ቢያስቀዳ፣ በመስኮቱ ግርጌም በሁለቱም ፊደል ቢያወጣው፣ ቡኖን «ቡኖ» ብሎ፣ ካፌቾን «ካፌቾ» ብሎ፣ ዋጫንም እንደ ስሟ ቢጽፍ፣ ያኔ ዘጋቢ የሚለው ቃል መዝገቡን አግኝቷል።